ሹክሹክታ የማያመልጠው አዳራሽ

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ለድምፁ ተብሎ አዳራሽ የተሠራለት ልጅ ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ዘፋኝ አልነበርኩም፤ ተዋናይም አልነበርኩም። ይሁን እንጂ ልደታ ውስጥ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የወለሉ ተዳፋት ሳይቀር በእኔ ጉሮሮ ተለክቶ የቆመ አዳራሽ አለ። ያላመነ ሄዶ ይጠይቅ። ብቻ ለምን እኔ እንደተመረጥኩ እንዳይጠይቅ። የጠየቀ እንደሆነ፣ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ድምፄ የቀጠነው እኔ ስለነበርኩ፣ «አቤት» ስል እናቴ እንኳን ስለማትሰማኝ፣ «ከእሱስ ትንኝ ትሻላለች» የተባለልኝ ልጅ ስለነበርኩ መሆኑን ይነግሩታል። ክብሬም እዚያው ላይ ያበቃል።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ አንድ ፉጨት ነው። ባለፈው ሰሞን ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ሆቴል ውስጥ አንድ የወጣት አርክቴክቶች ድርጅት ሲሸለም ተገኝቼ ነበር። እዚያ ምን እሠራ እንደነበር መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ለጊዜው እንደ ክቡር እንግዳ ቁጠሩኝ። ልጆቹ ዕውቅና የተሰጣቸው ለዘመናዊ መኖሪያ ቤቶቻቸውና ለትያትርና ለሙዚቃ አዳራሾቻቸው ነው። ሥዕሎቹ በስክሪን ላይ እየተከታተሉ ያልፋሉ። ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት፣ በእንጨት ርብራብ የተለበጠ የአዳራሽ ግድግዳ። አስተዋዋቂዋ «አገራችን ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው» ብላ ሳትጨርስ ድምፅ ማጉያው ሲ...ጥ ብሎ አፏጨ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። እኔ አፍንጫዬን ነው የያዝኩት፤ ምክንያቱም ከዚያ ሽቶና ምንጣፍ መሀል ድንገት አዲስ የተላገ ጽድ ሸተተኝ። ከጽዱ ሽታ ጋር የሆነ ሰው ቁጣ ተከትሎ መጣ፤ «ያንን ነገር አጥፉልኝ! ሰው እኮ የተፈጠረው ጉሮሮ ይዞ ነው!»

ጋሽ መርዕድ ነበሩ።

ጋሽ መርዕድ ልደታ ውስጥ አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው። አብዮቱ ሳይፈነዳ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ የማይጠፋ፣ ሁልጊዜ የተናደዱ ሰው ነበሩ። ንዴታቸው ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ቁመታቸው አብሯቸው ያደገ ነገር ነው። ጠዋት ሲወጡ በእኛ በር መጣመም ይናደዳሉ፤ መንገድ ላይ በመብራት ምሰሶው መዝመም ይናደዳሉ፤ ሰንጋ ተራ ሲደርሱ በጠቅላላው በሰንጋ ተራ ይናደዳሉ። ሰፈሩ በሙሉ «ኢንጂነር» ይላቸዋል። «አርክቴክት!» ይላሉ እሳቸው። «እሺ፣ ኢንጂነር» ይላቸዋል ሰፈሩ።

ቤታቸውን ራሳቸው ነድፈው ራሳቸው አሠርተውታል። የሰፈሩ ቤት ሁሉ የቆርቆሮ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ሲኖር የጋሽ መርዕድ ቤት ባርኔጣ የለውም። ጣሪያው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። በዚህ የተነሳ ከዓመት እስከ ዓመት «ቤቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ የማይጠይቃቸው አልነበረም፤ አንዳንድ አዛኞችም «ምስኪን፣ ቆርቆሮው ላይ ሲደርስ አቅም አጠረው» ይሏቸዋል። ሳሎኑ በመንገዱ በኩል ግድግዳ የለውም፣ መስታወት ብቻ ነው። እራት ሲበሉ መንገደኛው ቆሞ «እንብላ» እስኪባል ይጠብቅ ነበር። ፖስተኛው ክፍት በር መስሎት ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አጋጭቶ ያበጠው እብጠት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አልሟሸሸም። ቢያንስ እኔ እንዲህ ነው የማስታውሰው።

ያ ቤት በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ጋሽ መርዕድ ገጹን ፍሬም አስገብተው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። በሥራቸው ያገኙት ምስጋና ይኸው አንድ ገጽ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ልቡ አልተቀበለውም። ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ አንድ ቀን ፎቶውን ትክ ብለው ካዩት በኋላ «ያምራል፤ የማን ቤት ነው?» አሉ።

«የኔ ነዋ! ይሄው አሁን የቆሙበት!»

«ታዲያ በርበሬዬ የታለ?»

እውነታቸውን ነው። እትዬ ስንዱ አብነት ሰፈር በርበሬ የሚነግዱ፣ ወገባቸው ሰፊ፣ ምላሳቸው ከወገባቸው የሰፋ ሴት ነበሩ። የዚያ ጣሪያ ትርጉም ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ የገባቸው እሳቸው ናቸው። ፀሐይ የማይለየው፣ ዶሮ የማይደርስበት፣ ልጅ የማይሯሯጥበት ሜዳ አየር ላይ ተሠርቶ ሲያገኙ «ለበርበሬ ካልሆነ ለምን ተሠራ?» አሉ፤ መሰላል አስደገፉ፤ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ሲያልፍ የጋሽ መርዕድ ዘመናዊ ቤት አናቱ ቀይ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ነፋስ ሲነሳ ቤተሰቡ በሙሉ ያስነጥሳል።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ይሄ ጣሪያ ነው! ጣሪያ!» ይጮሃሉ ጋሽ መርዕድ ከታች ሆነው።

«ጣሪያ ቢሆን ውሃው ይንሸራተትበት ነበር፣ ኢንጂነር። ሜዳ ሠርተው ሲያበቁ ሰው በሜዳው ቢጠቀም ምን ያስቆጣል?»

«አርክቴክት!»

«እሱንም ይሁኑ።»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ዓመታት አለፉ። ጋሽ መርዕድ ግን መሰላሉን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

ሌላው ጠባያቸው ጭብጨባ ነበር። ወደማያውቁት ክፍል ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ጧ! አድርገው አንዴ ያጨበጭቡና ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ክፍሉ ምን ብሎ እንደሚመልስ ለመስማት ነው። ጤና ጣቢያ አጨብጭበው ነርሷ «ወረፋ ይጠብቁ!» ብላ ተቆጥታቸዋለች። ሻይ ቤት አጨብጭበው ያላዘዙት ሻይ መጥቶላቸዋል። አንዴማ ለቅሶ ቤት ገብተው ሬሳው ሳይወጣ አጨበጨቡ። ያን ጊዜ የልደታ ሰው ያልተጣላቸው እግዚአብሔር ይዞት ነው። በዚያ ላይ ለማጽናናት ብለው ወደ ሟች ወንድም ጠጋ አሉና «ኮርኒሱ ዝቅ ብሏል፤ ለቅሷችሁ ወደ ላይ አይወጣላችሁም» አሉት። አባቴ እጃቸውን ይዞ አወጣቸው።

እንግዲህ አዳራሽ እንዲነድፉ የታዘዙት እኚህ ሰው ናቸው። ቀበሌያችን ስብሰባውን በድንኳን፣ የኪነት ቡድኑን ልምምድ በእህል ቤት ውስጥ ማካሄድ ሰልችቶት ባዶ ቦታ ላይ የራሱን አዳራሽ ሊገነባ ተነሳ። ሊቀመንበራችን ጓድ ንጋቱ ይባል ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ማይክራፎን ካልያዘ «እንደምን አደራችሁ» የማይል ሰው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከእሱ እጅ የወጣበትን ቀን አላስታውስም። «ፉ! ፉ! አንድ፣ ሁለት» ካለ በኋላ ነው ቀኑ ለሰፈሩ የሚጀመረው።

ጋሽ መርዕድ ያን ጊዜ በመንግሥት ዲዛይን መሥሪያ ቤት ውስጥ የእህል መጋዘን ብቻ ሲነድፉ ኖረው መሯቸው ነበር። «ስንዴ ጆሮ የለውም! ስንዴ ትያትር አያይም!» ይሉ ነበር ለአባቴ። በዚያው ሰሞን ታዲያ ከየቀበሌው አዳራሽ በአሠራሩ የተሻለው ተመርጦ ነዳፊው ዕውቅና እንደሚሰጠው፣ ለከተማው ሊሠራ ለታሰበ ትልቅ ትያትር ቤትም ከንድፍ አውጪዎቹ አንዱ እንደሚሆን ወሬ መጣ። ወሬውም እውነት ሆኖ ተገኘ። ጋሽ መርዕድ ትያትር ቤት ለመሥራት ተምረው መጥተው ስንዴ ሲያስጠልሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ያቺን ዕድል እንደ ሃይማኖት ያዟት። ንድፉን ይዘው እኛ ቤት መጥተው ለአባቴ አሳዩት።

«ተመልከት፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማይክራፎን አይገባም። ሕፃን ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ እንደ ቤቱ ቢናገር የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሽማግሌ ይሰማዋል። ይሄን ካላደረግሁ አርክቴክት አይደለሁም።»

«ኢንጂነር ይሁኑና ይገላገሉ» አላቸው አባቴ። ንድፋቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚችል ትከሻ የእሳቸው ብቻ ነው። ወለሉ ከኋላ ወደ መድረኩ እንዲያዘቀዝቅ አድርገው አስለክተው፣ አስደልድለው፣ አሳምረው ቅዳሜ ማታ ቤታቸው ገቡ። እሁድ ጠዋት የሰፈሩ ሕዝብ ለዘመቻ ሥራ ወጣ። ሕዝቡ ወለሉን ሲያየው ጠማማ ነው። ምስኪን ኢንጂነሩ ተሳስተዋል፣ ሳያፍሩ እናርምላቸው ተባለ፤ አካፋና ዶማ ተነሳ፤ ሴቱ አፈር ተሸከመ፣ ወንዱ ረገጠ፣ የኪነት ቡድኑ እየጨፈረ ደመደመው። ጋሽ መርዕድ ከሰዓት ሲመጡ ወለሉ እንደ ሰሃን ተስተካክሎ ሕዝቡ ላቡን እየጠረገ ምስጋና ይጠብቃል። ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡና ባርኔጣቸው ላይ ተቀመጡ፤ በማግስቱ ተዳፋቱን እንደገና አስቆፈሩት።

የኋላውን ግድግዳ ደግሞ ድምፅ ሰብስቦ እንዲመልስ ወደ ውጭ ጎበጥ አድርገው ነደፉት። ከመንገድ ሲታይ ሆዱን የነፋ ይመስላል፤ ሰፈሩ «ነፍሰ ጡሯ» ብሎ ስም አወጣለት፤ መቼ ነው የምትወልደው የማይል አልነበረም። ከውስጥ በኩል ጎኖቹን በጽድ ርብራብ አስለበጡት። የአብነቱ አናጢ ጣውላዎቹ መሀል የተተወውን ክፍተት አይቶ አዘነላቸውና በጭቃ ደፈነው። አስፈነቀሉት። ቀለም ቀቢው ደግሞ ርብራቡ ያላለቀ መስሎት ባልዲ አረንጓዴ ቀለም ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። እግሩን ይዘው አወረዱት። አዳራሹ ከሰው የተረፈው ጋሽ መርዕድ በር ላይ እንደ ዘበኛ ስለተቀመጡ ነው ብል ማጋነኔ አይደለም፤ እኔ ሳላጋንን የምናገረው ነገር ትንሽ ስለሆነ ይሄን ልብ በሉልኝ።

በየስብሰባው ደግሞ ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር። ሰው በተራው እየተነሳ ጥፋቱን ይናዘዛል፤ ጥፋት የሌለው ሰው ፈልጎ ያመጣል። አባቴ እንኳን «በግዴለሽነት ስብሰባ ላይ አንቀላፍቻለሁ» ብሎ ብዙ ጊዜ ነፍሱን አድኗል። ጋሽ መርዕድ ግን ተራቸው ሲደርስ ተነስተው «ጥፋት የለብኝም። ጥፋት ያለበት ወለሉን ያቃናው ነው» ብለው ይቀመጣሉ። ጓድ ንጋቱ በማይክራፎኑ «ይህ የንዑስ ከበርቴ ትዕቢት ነው» ይላል። ድምፅ ማጉያው ያፏጫል። «ያንን ነገር አጥፉልኝ!» ይላሉ ጋሽ መርዕድ።

አዳራሹ ሊያልቅ ሲል እናቴ ዘንድ መጥተው «በሰፈሩ ውስጥ ደካማ ድምፅ ያለው ልጅ ያስፈልገኛል» አሏት። እናቴ ለልጇ ክብር የሌላት ሴት ናት፤ ሳታስብ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ ግን ለልጆቹ በሙሉ ለመድረክ ተመርጫለሁ ብዬ አወራሁ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መድረኩ ላይ ያቆሙኛል፤ እሳቸው የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

«ተናገር።»

እናገራለሁ።

«አትጩህ! ከጮህክማ ማን አይሰማህም! እንደ ቤትህ ተናገር!»

ምን ልናገር የሚለው ራሱን የቻለ ጦርነት ነበር። እሳቸው «እማዬ፣ ራበኝ» እንድል ፈለጉ። የጓድ ንጋቱ ፊት ቀላ። «እንግዶች ባሉበት ራበኝ? ማን ነው የራበው?» አለ። «ውሃ ጠማኝ» ይሁን ተባለ። ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቶ ስለነበር እሱም ጥያቄ ያስነሳል ተባለ። ጓድ ንጋቱ መፈክር እንዲሆን ፈለገ፤ ጋሽ መርዕድ «መፈክር በሹክሹክታ ይባላል?» ብለው አፈጠጡበት። በመጨረሻ ማንንም የማያስቀይም ነገር ተገኘ። «በሩን ዝጉት።» ልምምዴ ይኸው ነበር። ወራት ሙሉ በሩን ዝጉት ስል ከርሜ ቤታችን ውስጥ እንኳ የተዘጋ በር እያየሁ በሩን ዝጉት እል ነበር።

አዳራሾቹን የሚያወዳድሩት ዳኞች የመጡበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ጓድ ንጋቱና እንግዶቹ ተደርድረዋል። ከኋላቸው የእነዚያ የጺማሞቹ የሶሻሊዝም አባቶች ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጋሽ መርዕድ ሥዕሉን ከጎኑ ግድግዳ ላይ ለማስነሳት ከመጀመሪያው ጀምረው ታግለው ወደ መድረኩ ኋላ አስዙረውታል፣ «ጺም ድምፅ ይመጥጣል» ብለው። የዳኞቹ አለቃ ሽበታም፣ ዝምተኛ ባለሙያ ነበሩ። ጓድ ንጋቱ ማይክራፎኑን ያለ ሥራ በእጁ ይዟል። አባቴ ሥራ ላይ ነበር፤ እናቴና እትዬ ስንዱ ደግሞ ከኋላ፣ ነፍሰ ጡሯ ግድግዳ ጥግ ተቀምጠዋል።

ጋሽ መርዕድ አንዴ አጨበጨቡ። ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አብሮ አጨበጨበ። ያንን ዝም አሰኝተው በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

«በሩን ዝጉት» አልኩ።

አልጮህኩም። መጮህ ብፈልግም አልችልም። ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱና «እሺ ልጄ» ብለው ሄደው በሩን ዘጉት።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ። ሽበታሙ ዳኛ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ጋሽ መርዕድ ሳቁ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከፊት ያለው አንዱ ትንሽ ጠመም ያለ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ያልሳቁት ለዚያ ይሆን እንዴ ብዬ አስቤያለሁ።

ጭብጨባው ጋብ አለ። በዚያች ፀጥታ መሀል፣ መድረኩ ላይ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠች ያህል ጥርት ያለች የሴት ድምፅ መጣች፤

«እሰይ፣ ልጅሽ ድምፅ አወጣ። ይሄን ንጋቱን ግን አንገቱን አየሽው? የቀበሌውን ሱቅ ስኳር እየላሰ እኮ ነው እንዲህ የሰባው።»

እትዬ ስንዱ ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ከልለው ለእናቴ ጆሮ የተናገሩት ነው። ግድግዳው ሳይሸራርፍ አመጣው። ጋሽ መርዕድ ያልነገሩን፣ ምናልባትም ያላሰቡት ነገር ቢኖር ከመድረኩ ወደ ኋላ የሚሄድ ድምፅ ከኋላም ወደ መድረኩ እንደሚመጣ ነው።

 በዚያ ዘመን ለዚያች ያህል ቃል ቀበሌው ጓሮ ባለችው ክፍል ተቆልፎበት ወራት የከረመ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ክፍሏ ከአዳራሹ ጀርባ ነበረች። ጓድ ንጋቱ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ አንገቱ ከአንገትጌው በላይ ቀልቷል።

«ማናት እሷ? የሕዝቡን ሱቅ የምታጥላላ ማናት? በሩ ላይ ያላችሁ፣ ማንም እንዳይወጣ!»

አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። በሩን በእኔ ትዕዛዝ ዘግተነዋል። እናቴ የእትዬ ስንዱን እጅ ይዛ ነበር።

ጋሽ መርዕድ እጃቸውን አወጡ።

«ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ።»

«አሁን አይደለም፣ ጓድ መርዕድ!»

«አሁን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» ዞረው ያንን የጽድ ግድግዳቸውን አዩት። «ይህ አዳራሽ የተበላሸ ነው። በስሌት ተሳስቻለሁ። የኋላው ግድግዳ ከየረድፉ የወጣውን ድምፅ እየቆራረጠ ያጋጨዋል፤ አንዱ ስለ አንገት ያወራል፣ አንዱ ስለ ስኳር ያወራል፣ ግድግዳው ይቀጥለዋል። ማንም ያልተናገረውን ያሰማል። እዚህ ቤት ውስጥ የተሰማ ነገር እንደተባለ ሊቆጠር አይችልም። ትዕቢት ይዞኝ እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።»

ሽበታሙ ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ። «የልጁን ቃል ግን ሽማግሌው ከኋላ ሆነው አጥርተው ሰምተዋል።»

«አጋጣሚ ነው።»

ዳኛው ከወንበራቸው ተነስተው ወደ መድረኩ ጫፍ መጡና እጃቸውን አንዴ ጧ! አደረጉት። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። አዳራሹ መለሰላቸው። ያን መልስ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ የተበላሸ ቤት እንዲያ አይመልስም። ወደ ጋሽ መርዕድ ዞሩ።

«ያሉትን እንደ ቃልዎ ልጽፈው ነው። ትያትር ቤቱም ይቀራል ማለት ነው።»

«ይጻፉት» አሉ ጋሽ መርዕድ። «በቶሎ ይጻፉት።»

ለጓድ ንጋቱ ሁለት መንገድ ተቀመጠለት። ወይ ሰፈሩ በሙሉ በእንግዳ ፊት ሌባ ብሎታል፣ ወይ ግድግዳው ተበላሽቷል። ብልህ ሰው ነበር። «እኔ ከመጀመሪያውም ይቺ ግድግዳ ጤነኛ አይደለችም ብዬ ነበር!» አለና ማይክራፎኑን አፉ ላይ አስጠጋ። ድምፅ ማጉያው አፏጨ። ጋሽ መርዕድ «ያንን ነገር አጥፉልኝ» አላሉም።

ዕውቅናው ለሌላ ቀበሌ አዳራሽ ተሰጠ፤ አራት ማዕዘን፣ ቆርቆሮ፣ ማንም ምንም የማይሰማበት፣ ማንንም የማያስር ጨዋ አዳራሽ። የእኛው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀይ ጨርቅ ለበሰ፤ ጨርቁ ድምፅ ጠጥቶ አይጠግብም። በአራቱም ማዕዘን ድምፅ ማጉያ ተሰቀለበት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ፣ ማመን ቢያቅታችሁም፣ በጨርቅ አሸላለሙ የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ወረቀቱን በጽዱ ርብራብ ላይ ጣት በሚያህል ምስማር ቸነከሩት። ጋሽ መርዕድ ወደ ስንዴያቸው ተመለሱ። አዳራሹ ውስጥ ግን ለስብሰባ ካልተገደዱ በቀር አልገቡም፤ ሲገቡም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ነበር።

ዳኞቹ በመጡ በማግስቱ ጠዋት እትዬ ስንዱ መሰላሉ ላይ ሲወጡ አየሁ። በርበሬያቸውን ሰብስበው በጆንያ አወረዱ፤ ጣሪያውን እንደ ሳሎን ጠረጉት። ጋሽ መርዕድ ኮሽታ ሰምተው በፒጃማ ወጡ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«አስቸገርኩዎት ብዬ ነው፣ አርክ... አርክቴክት» አሉ እትዬ ስንዱ፤ ቃሉ ከብዷቸው ምራቃቸውን ዋጡ።

«ይመልሱት! አሁኑኑ! ሰው በአንድ ሌሊት ጠባዩን ሲቀይር ምን ሆኖ ነው አይባልም? እስረኛ ያደርጉኛል እኮ እርስዎ! ይመልሱ በርበሬዎን!» ብለው በሩን በላያቸው ላይ ድርግም አደረጉት። መስታወቱ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ስንዱ ጆንያውን ተሸክመው መልሰው ወጡ። ስለዚያ ቀን ሁለቱ ከዚያ ወዲያ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። እስከ መጨረሻው ድረስ ግን ሌላው ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ሲላቸው እትዬ ስንዱ ብቻ፣ ምላሳቸው እየተወላከፈ፣ በትክክል ጠሯቸው።

ጋሽ መርዕድ ያረፉት ሥርዓቱ ከተለወጠ ከዓመታት በኋላ ነው። ለቅሶው በዚያ ባለ መስታወት ሳሎን ውስጥ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አለቀሰ። እትዬ ስንዱ አርጅተው፣ ልጃቸው ደግፏቸው ገቡ። የመጽሔቱ ገጽ ከተሰቀለበት ሥር ቆሙ፤ ሳይቀመጡ፣ ሳያለቅሱ፣ እጃቸውን አንዴ ጧ! አደረጉት። ማንም አልተቆጣም። ሁላችንም ጆሯችንን ዘንበል አድርገን ቤቱ የሚለውን ሰማን።

ሆቴሉ ውስጥ ያ ፉጨት ባይመጣ ይህን ሁሉ አላስታውስም ነበር። የፉጨቱም ምክንያት ማይክራፎኑን ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ያስቀመጠ አንድ ገልቱ ነው፤ ገልቱውም እኔ ነኝ። በሰርግና በስብሰባ ድምፅ ማጉያ ማከራየት ነው ሥራዬ፤ ክቡር እንግዳ ያልኳችሁን እርሱት። ልጆቹ ሽልማታቸውን ሲቀበሉ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሽቦ እፈታ ነበር።

አዳራሹ ዛሬም አለ። ቀዩ ጨርቅ ተቀዶ ካለቀ ቆይቷል፤ ጽዱ ጠቁሯል፤ ምስማሩ ወረቀቱ ጠፍቶበት ባዶውን ተሰክቷል። የሰፈሩ ወጣቶች ትያትር ሲያሳዩበት እሄዳለሁ። ቀድሜ ብቻዬን እገባና አንዴ አጨበጭባለሁ። ያው ነው፤ ሳይሸራርፍ ይመልሳል። መድረኩ ላይ ወጥቼ በዚህችው ቀጭን ድምፄ «በሩን ዝጉት» እላለሁ፤ ውጭ ያሉት ሠራተኞቼ ሰምተው ይዘጉታል። ትንሽ ቆይተው መልሰው ይከፍቱትና «ጋሼ፣ ሞንታርቦዎቹን የት እንትከላቸው?» ይሉኛል። እኔም በጣቴ አሳያቸዋለሁ። አዎ፣ ለዚያ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ የማከራየው እኔ ነኝ።